ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ቦረና የአንድ ሰዓት በረራ ለቤተ ሰብ ስንት ሰዓት ነው?

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ስለ መንገድ ርቀት የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው በቀን ቈጥሮ ነው። የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ የሦስት ቀን መንገድ ነው ይላል እንጂ ይህን ያኽል ኪሎ ሜትር ነው አይልም። በቦረናና በጉጂ ምድርም ከብት ጠባቂው ርቀትን የሚያውቀው ከብቱ ውሃ ሳይጠጣ በሚውልበት ቀን ብዛትና ከአንዱ ኤላ እስከ ሌላው ኤላ ባለው ጕዞ ነው። ይህ አቈጣጠር ያልተማረ ሰው አቈጣጠር ነው ብሎ የሚንቀው ቢኖር እኛ አንስማማም። መንገደኛ ማወቅ የሚፈልገው መሬቱ ስንት እንደ ሆነ ሳይሆን መቼ እንደሚደርስ ነውና።

ከአዲስ አበባ እስከ ነገሌ ቦረና ያለው የመኪና መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። የበቅሎ ነጋዴ ጭኖ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ዝናብና ወንዝ ሳያግደው ሃያ ቀን ይፈጅበታል። ዛሬ ግን በአይሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር እውነት መሆኑን፣ እውነትም ከሆነ ለአንድ ቤተ ሰብ፣ ይኸውም ለምታጠባ እናት፣ ለሽማግሌ አባት፣ ልቅሶ ለሚደርስ ልጅ፣ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ በዚህ ገጽ ልንመረምር አሰብን።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንቍጠር። እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን በባሕረ ሐሳብ ዓመቱንና በዓሉን በጣታችን አንጓ ያስቈጥሩን ነበር፤ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በተሻገርን ጊዜ ደግሞ የካርታን መስመር መቍጠር ተማርን። ሁለቱም የትዕግሥት ትምህርት ናቸው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ 1 ደቂቃ ሲቀረው ይገኛል፤ የነገሌው ማረፊያ ወደ 5 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ላይ ነው። ልዩነታቸው 3 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ነው። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያኽል ስለ ሆነ፣ ነገሌ ከቦሌ ወደ ደቡብ 410 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ደግሞ 54 ደቂቃ ፈቀቅ ይላል፤ ይህም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ተማሪ ልጅ በቤታችሁ ካለ ወረቀትና እርሳስ ስጡትና 410ን በራሱ፣ 100ንም በራሱ አባዝቶ ይደምር፤ የድምሩን ሥር ሲያወጣ 422 ያገኛል። የምድር ክብነት ጥቂት ስለሚቀንሰው 420 ኪሎ ሜትር ብንል አንሳሳትም።

ስለዚህ በሰማይ 420፣ በምድር 600 ነው። የ180 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት የሚመጣው ከመንገዱ ጠማማነት ነው። መኪናው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ይደርሳል፤ ከዚያ የሲዳማን ደጋ ወጥቶ በሐገረ ሰላምና በቦሬ፣ ቀጥሎም ክብረ መንግሥት በሚባለው በአዶላ አልፎ ወደ ቈላው ወደ ነገሌ ይወርዳል። ቦሬ ብርድና ጕም የማይለየው ከፍተኛ ስፍራ ነው፤ አዶላም ወርቅ በሚወጣበት ምድር ያለ ከተማ ነው። መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ልብስ ለመቀየር ይገደዳል። አይሮፕላኑ ግን ለደጋውም ለቈላውም ሳያጐነብስ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

የሌሎቹንም የደቡብ ቈላ ከተሞች እንዲሁ ብንቈጥር ያቤሎ ከቦሌ በሰማይ መስመር 460፣ ሞያሌ 600፣ ዶሎ 640፣ ጎዴ 625 ኪሎ ሜትር ያኽል ይርቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የጎዴ ነገር ነው። በጅጅጋ በኩል ዞሮ በመኪና የሚሄድ ሰው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛልና፣ አይሮፕላን ለጎዴ ሰው መንገዱን በግማሽ ገደማ ያሳጥርለታል። ጥቅሙ ለአንዱ ከተማ ትንሽ፣ ለሌላው እጅግ ብዙ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ሐዋሳ በመኪና 275፣ በሰማይ 210 ኪሎ ሜትር ያኽል ስለ ሆነች፣ ወደ እርስዋ የሚበር ሰው የሚያተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰዓቱ እንለፍ። ወደ አውራጃ ከተሞች የሚመላለሰው ሁለት ሞተር ያለው ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያኽል ይሄዳል። 420ን ለ650 ብናካፍል 39 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን አይሮፕላን እንደ ጥይት ወዲያው ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም። በመንደርደሪያው ላይ ተራ ይጠብቃል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሲወርድም ፍጥነቱን ቀንሶ ይዞራል፤ ለዚህ ሁሉ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጨመር ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያኽል መባሉ ትክክል ነው። በዚሁ አቈጣጠር የጎዴ በረራ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ በመካከል ሌላ ከተማ ነክቶ የሚሄድ ከሆነ ግን አንዱ ማረፍ ብቻውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጨምርበታል።

አባቶቻችን ያዩት አይሮፕላን እንዲህ ፈጣን አልነበረም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ሲሆን ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የተጠቀመበት ከጦርነቱ የተረፈው ዲሲ 3 ነበር። ቦሌ ገና ስላልተሠራ የመነሻው ሜዳ ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት በሚባለው በልደታ ነበር። ዲሲ 3 በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያኽል ስለሚሄድ፣ የነገሌን ያኽል ርቀት ለመብረር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ከሃያ ቀን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል መውረድ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው! ከዚያ ወዲህ የተቀነሰው ግማሽ ሰዓት ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

የደቡብ ቈላ ሰው ግን አይሮፕላንን ያወቀው በመንገደኛ ማመላለሻነቱ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣልያኖች በዶሎ በኩል በገቡ ጊዜ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው ሲከላከሉ፣ በሰማይ የታየው አይሮፕላን ቦንብና መርዝ የሚያዘንብ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደበ፤ በአልጋ ላይ የተኙ ቍስለኞች እንኳ አልተረፉም። በጥር መጀመሪያ ከዶሎ የተነሣው የግራዚያኒ ጦርም በካሚዮን ተጭኖ በስምንት ቀን ገደማ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ነገሌ ገባ። በዚያ አገር ያሉ ሽማግሌዎች አይሮፕላን ሲያልፍ ዝም ብለው ቀና የሚሉበት ምክንያት ከአባቶቻቸው የሰሙት ይህ ነገር እንደ ሆነ እናስባለን። በእነዚሁ ወንዞች አጠገብ በ2003 ዓ.ም. ከሶማልያ ድርቅና ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በዶሎ አዶ መጠለያዎች በተሰበሰበ ጊዜ የርዳታ ሠራተኛ ያመላለሰውም አይሮፕላን ነው። መልካ ዲዳ የሚለው ስም እንደገና በጋዜጣ የተጻፈው ያን ጊዜ ነበር፤ በዚህኛው ግን ምግብና መድኃኒት በሚታደልበት መጠለያ ስም ነው።

ስለ ርቀት ስንናገር የጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። በነገሌ የነበረው ብርጌድ ወታደሮች ምግባችን ተበላሽቷል፣ ንጹሕ ውሃም ተከልክለናል ብለው አመጹ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ ከሚበሉት አበልተው ከሚጠጡት አጠጧቸው። ከአዲስ አበባ 420 ኪሎ ሜትር በሰማይ የሚርቀው የዚህ ጦር ሰፈር አቤቱታ በዚያው ዓመት ለመጣው ለውጥ መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል። አቤቱታ ከነገሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ በአይሮፕላን ፍጥነት የማይለካ መሆኑን እኛ የፍርድ ቤት ሰዎች ከሌላው ይልቅ እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ለቤተ ሰብ ነው። አንድ ሰዓት የተባለው ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው ነው እንጂ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ያለው አይደለም። በአዲስ አበባ ከቤት እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ በረራው አንድ ሰዓት፣ ዕቃ ለመቀበል ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ዘመድ ቤት ሌላ ግማሽ ሰዓት ብንል አምስት ሰዓት ይሆናል። በመኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 600 ኪሎ ሜትሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በአውቶቡስ ሕፃንና አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው ደግሞ በመንገድ አንድ ሌሊት ማደር ስለማይቀር ሁለት ቀን ብሎ መቍጠር ይሻላል። እንግዲህ ትክክለኛው ንጽጽር አንድ ሰዓት ከሃያ ቀን ጋር ሳይሆን፣ አምስት ሰዓት ከአንድ ቀን ተኩል ወይም ከሁለት ቀን ጋር ነው። ይህም ቢሆን ትልቅ ትርፍ ነው፤ ዳሩ ግን አይሮፕላኑ በዚያ ቀን የሚነሣ ከሆነ ብቻ ነው። የመነሻው ቀን ከነገ ወዲያ ከሆነ ያ አንድ ሰዓት ወደ ሦስት ቀን ይለወጣል። ስለዚህ ቲኬት ቆራጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ሰዓት ይበራል ብለው ሳይሆን በየትኛው ቀን ይነሣል፣ በመንገድስ ሌላ ከተማ ይነካል ወይ ብለው መሆን አለበት።

ይህን አቈጣጠር በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ኀዘን ላይ ሲሠራ ያየንበት ጊዜ አለ። በአንድ ሐሙስ ምሽት ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነገሌ ላይ ዐረፉ። የእስልምና ተከታይ ስለ ነበሩ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት ቀብራቸው ሊዘገይ አይገባም ነበር። የበኵር ልጃቸው ግን ሥራ ይዞ በአዲስ አበባ ነበረ። ማታ በሁለት ሰዓት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እኛም ጎረቤት ስለ ሆንን በበሩ አጠገብ ተቀመጥን። ልጁ ይድረስ አይድረስ የሚለው ክርክር እጅግ ከበደ። አንዳንዶቹ ሌሊቱን በመኪና ይነሣ፣ በማለዳ ይደርሳል አሉ። ሐጂው ግን በትሩን ጕልበታቸው ላይ አጋድመው፣

«አንዱን ቀብረን ሌላውን ፍለጋ በገደል አንወጣም። የሌሊቱን ነገር ተዉት» አሉ።

ሌላው ሲጎመጅ የነበረው ጎኅ ሲቀድ ይነሣ የሚለው ነበር። እኛም በኪሳችን በነበረው ወረቀት ላይ ቈጠርነው። ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ቢነሣ የሚደርሰው ማታ በአሥራ አንድ ነው። ሐጂው መቈየት የሚቻለው ዐስር ከሚባለው ከቀትር በኋላ ሶላት ድረስ፣ ይኸውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያኽል ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። ስለዚህ ይህም አልሆነም። በዚያ ዕለት በአይሮፕላን በቀጥታ መምጣትም አልተቻለም። ያን ጊዜ አንዲት አክስት ከጓዳ ሆነው «ሐዋሳ ድረስስ በአይሮፕላን ቢመጣ?» አሉ። ወንዶቹ ሁሉ ዝም አሉ። ወረቀቱን ገልብጠን እንደገና ቈጠርን። ጧት በአንድ ሰዓት ከቦሌ ቢነሣ፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጕዳይ ሐዋሳ ያርፋል፤ በሁለት ሰዓት የዘመድ መኪና በሩ ላይ ቢቈየው፣ ከሐዋሳ እስከ ነገሌ ያለው 325 ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ይተርፈዋል ማለት ነው። ቀደም ሲል ለሐዋሳ የአይሮፕላን ትርፉ ጥቂት ነው ብለን ጽፈናል፤ ያ ጥቂት ትርፍ ግን በዚያች ሌሊት የሁሉም ተስፋ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄ የመርዶው ነበር። በአገራችን ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ በማለዳ ወደ ቤት ሄዶ፣ ዘመድ በዙሪያ ቆሞ፣ በቀስታ ይነገራል። ሩቅ ላለ ሰው አባትህ ታሟልና ና ብሎ ማስመጣትም የተለመደ ነው። ነገር ግን የአይሮፕላን መንገደኛ ብቻውን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ይቀመጣል፤ ስልኩም ይዘጋል፤ ከማረፉ በፊት ወይም በኋላ ከማያውቀው ሰው በስልክ ጽሑፍ ቢሰማ የሚደግፈው የለም። ታሟል ከተባለም ሕመም ስለሚታገሥ ነገ እመጣለሁ ብሎ የጧቱን በረራ ሊያልፈው ይችላል። ሐጂው ጥቂት አስበው በአዲስ አበባ ወዳሉ አንድ ወዳጃቸው ደወሉ። «አንተ ራስህ ወደ ቤቱ ሂድ። እውነቱን ንገረው። አብረኸው እደር፣ እስከ አይሮፕላኑ በር ሸኘው» አሏቸው። ሰውየውም እንደ ታዘዙት አደረጉ። የዚህን የሐጂውን ፍርድ እኛ ከብዙ ዳኞች ፍርድ ጋር አስተያይተን ምንም ጕድለት አላገኘንበትም።

በማግሥቱ በቦሬ ላይ ዝናብና ጕም ስለ ያዘው መኪናው ከተቈጠረለት ጊዜ ዘገየ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ሶላቱ ተሰገደ፤ አስከሬኑም ወጣ። ልጁ የደረሰው ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው በዐሥር ሰዓት ነው፤ መቃብሩ ገና አልተሞላም ነበር። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለትና ወደ ጕድጓዱ ጠርዝ ቀርቦ እንደ ሥርዓታቸው ሦስት ጊዜ ዐፈር በእጁ ዘገነ። አክስቲቱም በዚያ ማታ ለልጁ ውሃ ሲያቀርቡ ስለ ሐዋሳው አሳብ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከፍርድ ቤት ሥራችንም አንድ ነገር ለመንገደኛ ቤተ ሰብ እንጨምር። በ1958 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ይህ ቀን ለአዲስ አበባ ሰውም ለዶሎ ሰውም እኩል ይቈጠራል። በውርስና በልጅ ቀለብ የተከራከሩ ቤተ ሰቦች ሃምሳውን ቀን በቤት አሳልፈው የቀረውን ለመንገድ ሲያደርጉ፣ ዝናብ ድልድይ ሲወስድ ወይም የአይሮፕላን ወንበር ሲሞላ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ አይተናል። አይሮፕላን ከተማ ያቀርባል እንጂ የተቃጠለ ቀን አይመልስም። ይህን በቅንፍ ተናግረን እንለፍ።

አሁን ወደ እናቶች ጕዳይ እንመለስ። ብዙ እናቶች የሕፃን ጆሮ በአይሮፕላን ውስጥ ይታመማል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሚገርመው ግን ሕመሙ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚበረታ የሚያውቅ ጥቂት መሆኑ ነው። አይሮፕላኑ እስከ 7600 ሜትር ከፍታ ቢወጣም፣ በውስጡ ያለው አየር በሞተር ኀይል ስለሚታመቅ መንገደኛው የሚሰማው ቢበዛ በ2400 ሜትር ከፍታ እንደሚገኝ አየር ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በአይሮፕላን ውስጥ ሲቀመጥ የሚተነፍሰው አየር ከቤቱ አየር የማይለይ ነው። ከነገሌ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣም ማረፊያው ላይ ጆሮን የሚያስጨንቅ ነገር እምብዛም የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ቈላ ሲወረድ ግን በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ከ2400 ሜትር ወደ ነገሌው 1450 ሜትር ገደማ፣ ለጎዴ መንገደኛም ወደ 250 ሜትር ገደማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወርዳልና፣ የጆሮ ታንቡር ወደ ውስጥ ይገፋል። ጆሮ የሚከፈተው በመዋጥ ነው። ትልቅ ሰው ምራቁን ሊውጥ ወይም ሊያዛጋ ይችላል፤ ሕፃን ግን ይህን አያውቅምና አይሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ እናቲቱ ገና ሲነሣ አጥብታ አስተኝታው እንደ ሆነ መውረጃው ላይ ትቀስቅሰው፤ ተኝቶ የሚወርድ ሕፃን የሚነቃው በሕመም ነው። ብርቱ ጕንፋን ያለበት ልጅ ከሆነ ከመብረር በፊት ሐኪም ይየው።

ስለ ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ አያሳፍሩም። በአገራችን የመጀመሪያ ልጅዋን የምትወልድ ሴት ወደ እናትዋ ቤት መሄድዋ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ ያለች ሴት ልጅ ነገሌ ልትወልድ ካሰበች የመነሻዋን ቀን ከስምንተኛው ወር አስቀድማ ትቍጠር። ካለፈባት እናትዋ ወደ እርስዋ ይምጡ፤ ለአራስ የሚደረገውን ሁሉ የሚያውቁት እናቲቱ ናቸውና የገንፎው ዕቃ የትም ይገኛል። የተወለደውም ሕፃን ገና የቀናት ዕድሜ ያለው ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይብረር።

አዛውንቶችን በሚመለከት አሳሳቢው ከማረፉ በኋላ ያለው ነው። ከዶሎ ሙቀት፣ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ያኽል ብቻ ከፍ ካለ አገር የመጡ እናት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአዲስ አበባ ደጋ ሲገኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ራስ ምታትም ሊይዛቸው ይችላል። በመኪና ሁለት ቀን የመጣ ሰው ሰውነቱ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በአይሮፕላን የመጣ ግን ይህን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በመጡበት ቀን ደረጃ ማስወጣትና ዘመድ ለዘመድ ማዞር ደግ አይደለም። ጋቢው በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው ይያዝ፤ በሐምሌ በቦሌ ደጃፍ ያለው ነፋስ ከቈላ ለመጣ ሰው የሚቻል አይደለም። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም መድኃኒታቸውን ከጭነት ጋር አይስጡ።

ስለ መነሻው ሰዓትም አንድ ነገር እንበል። በቈላ አገር ፀሐይ ስትበረታ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ክንፉ አይሮፕላኑን የሚያነሣበት ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው አይሮፕላን በቀትር ለመነሣት ከጧት ይልቅ ረዥም ሜዳ ወይም ቀላል ጭነት ያስፈልገዋል። ቦሌ ከፍ ያለ ስፍራ በመሆኑ አየሩ በተፈጥሮ ስስ ነው፤ መንደርደሪያው ወደ 3800 ሜትር የረዘመውም ለከንቱ አይደለም። ጧት የሚነሣ በረራ በሙቀት የሚነሣው ነፋስ ስለማይንጠውም ለሕፃናትና ሆዳቸው ለሚረበሽ ሰዎች ይመረጣል።

በመጨረሻ የስንቁ ነገር አለ። ከነገሌ የሚመጣ ሰው ቅቤና ማር ሳይዝ አይመጣም፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደውም ቡና ቁርስና የልጅ ልብስ ይዞ ይሄዳል። የአይሮፕላን ጭነት የክብደት ወሰን አለው፤ ከወሰን በላይ የሆነው በገንዘብ ይከፈልበታል ወይም ደጃፍ ላይ ይቀራል። ቅቤ በቈላ ሙቀት ቀልጦ በጨርቅ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በቅልና በጨርቅ ተቋጥሮ የሰው ሻንጣ ሲያበላሽ ብዙ ጠብ አይተናል። ክዳኑ በጠበቀ የፕላስቲክ ዕቃ ይደረግ፣ ዕቃውም ሳይሞላ ጥቂት ቦታ ይተውለት፤ ከዚያ ላይ በላስቲክ ይጠቅለልና በሻንጣው መካከል በልብስ ተከቦ ይቀመጥ። ስምና የተቀባዩ ስልክ ቍጥር በውጭም በውስጥም ይጻፍበት።